ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ ናሙና

ጥያቄ፦ የምኖረው ወልድያ ነው። ከእናቴ አንገት ላይ የወጣው ንፍፊት ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ባለበት ጠርሙስ ተደርጎ ለምርመራ ደሴ እንዳደርሰው ተሰጠኝ። የዕለቱ መኪና ስላመለጠኝ፣ እንዳይበላሽ ብዬ ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ አሳደርሁት፤ ደሴ ስደርስ ቀልጦ ነበር። አሁን «የሕዋሶቹ አስኳል ተበላሽቷል፤ ሌላ ናሙና ያስፈልጋል» ተብያለሁ። ሥጋ እንኳ ፍሪዘር ውስጥ ወራት ይቆይ የለ? ይህ በአንድ ሌሊት እንዴት ተበላሸ?

መልስ፦ ናሙናው አልበሰበሰም፤ የጠፋው ቅርጹ ነው፤ ናሙና የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ደግሞ ቅርጽን ነው። ንፍፊቱን ያሳበጠው ቲቢ ይሁን ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ለመለየት፣ የሕዋሶቹን አደራደር ብቻ ሳይሆን የአስኳላቸውን (የሕዋሱን እምብርት) መጠን፣ የጠርዙን ቅርጽና በውስጡ ያለውን የክሮማቲን (የዘር መረጃ የያዘውን ክር) አሰረጫጨት አጥርቶ ማየት አለበት።

የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ የሚያቀዘቅዘው በዝግታ ነው። በዝግታ ሲሆን በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው በሕዋሶቹ መካከል ነው፤ በረዶ ጨው ስለማይቀበል በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ጨው እየበዛ ይሄድና ከሕዋሱ ውስጥ ውሃ ይስባል፤ በዚህም ሕዋሱ ከነአስኳሉ ይጨማደዳል። ሲቀልጥም ጉዳቱ አያባራም፤ ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች ከመሟሟታቸው በፊት እየተጋጠሙ ይተልቁና የቀረውን ይበጣጥሱታል። የደላንታን ውርጭ የሚያውቅ ገበሬ ይህን አይቶታል፦ ሌሊት ውርጭ የመታው ባቄላ ማለዳ ላይ ደህና ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ነው ጠቁሮ የሚዝለፈለፈው። ሥጋውም ቢሆን አልተረፈም፤ ሲቀልጥ ሳህኑ ላይ የሚያቁረው ቀይ ውሃ በአብዛኛው ከተቀደዱ ሕዋሶች የፈሰሰ ነው። ለወጥ ግን የአስኳል ቅርጽ ማን ይፈልጋል?

ፎርማሊኑ ለምን አላዳነውም ቢሉ፣ ወደ ሥጋው የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ውስጡን ሳይደርስበት በረዶው ቀደመው።

ሐኪሞችም ናሙና ያቀዘቅዛሉ፤ ልዩነቱ ፍጥነትና ዝግጅት ነው። በቀዶ ሕክምና መካከል አስቸኳይ መልስ ሲፈለግ፣ በረዶው ለመተለቅ ጊዜ እንዳያገኝ ትንሽ ናሙና በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ እንደዚያም ሆኖ የአስኳሉ ምስል በፎርማሊን የተዘጋጀውን ያህል አይጠራም። የወንድ ዘር ደግሞ ከ1949 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ በታወቀው የግሊሰሮል (ሕዋስን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከል ፈሳሽ) ዘዴ ተጠብቆ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል።

ጥፋቱን በእርስዎ ላይ አልጭንም፤ ጠርሙሱን የሰጠዎት ባለሙያ «ፍሪዘር አያስገቡት» ሊልዎት ይገባ ነበር። አዲሱ ናሙና ከመጠኑ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ፣ አፉ ሰፊ በሆነና የእናትዎ ስም በተጻፈበት ጠርሙስ ይደረግ። መኪና ቢያመልጥዎ ከፀሐይ ርቆ በክፍል ሙቀት ይደር፤ ፎርማሊን ስለሚመርዝ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ከልጆችም ይራቅ። በመንገድም ላይ ከዕቃ ጋር አይጫን፤ በእጅዎ ይያዙት። የእናትዎን ቀጠሮ ግን አያራዝሙ፤ እብጠቱ ከጨመረ፣ ወይም ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከመጣ፣ ቀኑን ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው።