ከግድግዳ የወረደችው እንግዳ፦ ስለ ቤት እንሽላሊት የላካችኋቸው ጥያቄዎች

እንደምን ሰነበታችሁ? ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ስለ ዶሮና ስለ በግ ነው። ሰሞኑን ግን ማታ ማታ አምፖል ስር ትንኝ ስለምትለቅመው የቤት እንሽላሊት ጠየቃችሁኝ። ደስ አለኝ። ይህችን ፍጥረት በመጥረጊያ ከመምታት አልፎ ለሕይወቷ የሚጨነቅ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

«እትዬ፣ 13 ዓመቴ ነው። ለአይጥ በተዘረጋ ማጣበቂያ ላይ እንሽላሊት ተጣብቃ አገኘሁ። ስስባት ጭራዋ ተቆርጦ ቀረ። አሁን ካርቶን ውስጥ አለች። ጎዳኋት?» (ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)

አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አልገደልሻትም። እንሽላሊት ስትጨነቅ ጭራዋን ራሷ ትጥላለች። የተቆረጠው ጭራ ለጥቂት ደቂቃ ይወራጫል። ድመቷ እሱን ስታይ እሷ ታመልጣለች። ደሙም ብዙ አይፈስም። በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ይበቅልላታል። መልኩ ከፊተኛው ይለያል፣ ውስጡም እንደ ጆሯችን ለስላሳ ነው እንጂ አጥንት የለውም።

ጭራዋ ግን ስንቋም ነበር። ስቧን የምታከማቸው እዚያ ነው። ስለዚህ አሁን በደንብ መብላት አለባት። ቁስሉን አትሰሪው፣ ቅባትም አትቀቢው። አፈር ላይ አታስቀምጫት፤ ንጹሕ ሶፍት አንጥፊላት፣ በየቀኑም ቀይሪው።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ካጋጠመሽ አትሳቢያት። የምግብ ዘይት በጥጥ ንከሪና ቆዳዋ ከማጣበቂያው ጋር የተገናኘበትን ቦታ ቀስ እያልሽ ቀቢ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። መጀመሪያ ሆዷን፣ ቀጥሎ እግሯን፣ ጣቶቿን በመጨረሻ አላቅቂ። አፏና አፍንጫዋ ዘይት እንዳይነካቸው። ግድግዳ የምትወጣው ጣቶቿ ስር ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ነው። ዘይት ከቀረባቸው መያዝ ያቅታቸዋል። ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ አብሺላት።

ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን ማጣበቂያ ተዉት። የሚይዘው አይጥ ብቻ አይደለም። የያዘውንም ቶሎ አይገድለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሠቃየዋል።

«ሱቅ አለኝ። ከኮምቦልቻ በመጣ የቲማቲም ሣጥን ውስጥ አገኘኋት። ጠዋት ጠዋት እንደ ሞተች ትሆናለች። ታማ ነው?» (ደሴ፣ ሆጤ)

ወንድሜ፣ ብርድ ነው። እንሽላሊት እንደኛ ከውስጧ ሙቀት አታወጣም፤ የምትሞቀው ከአካባቢዋ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2500። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እኛም ሹራብ እንደርባለን።

ክዳን ያለው፣ ውስጡ የሚያሳይ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግ። ክዳኑን ቆርጠህ በሻሽ ሸፍነው። አጎበር ግን አትጠቀም፤ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ሊጎዳት ይችላል። መደበቂያ እንዲሆናት የእንቁላል ካርቶን ቁራጭ አስገባላት።

ሙቀቱ በአንድ በኩል ብቻ ይሁን። ሲበዛባት ወደ ቀዝቃዛው ትሄዳለች። ቀን በሞቃቱ በኩል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማታል፣ ሌሊት ከ20 ባይወርድ ጥሩ ነው። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተህ በጨርቅ ጠቅልለህ ከዕቃው ውጭ አስደግፈው። የፈላ አይሁን፣ ሃይላንዱም ይኮማተራል። አምፖል ካደረግክም ከውጭ ነው፤ ውስጥ ከገባ ያቃጥላታል። ከሰል አጠገብ አታስቀምጣት። ፀሐይ ላይም አትተዋት፣ የተዘጋ ፕላስቲክ በጥቂት ደቂቃ እንደ ምድጃ ይግላል። ሳትሞቅ ደግሞ አትመግባት። ሆዷ ምግብ የሚፈጨው ሲሞቃት ብቻ ነው።

«እንጀራም ወተትም ሰጠናት፣ እምቢ አለች።» (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልክ ናት። ምግቧ ሕይወት ያለውና የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው። ትንኝ፣ የእሳት እራት፣ ትንሽ ፌንጣ፣ የበረሮ ጫጩት። በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ አትስጧት። ለትልቋ በየሁለት ቀኑ፣ ሲመሽ፣ ከ3 እስከ 5 ይበቃል። ትንሿ በየቀኑ ትብላ። ፍሊት ከተነፋበት ቤት የተለቀመ ግን በፍጹም! እሷንም ይመርዛታል። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ፍጩና ነፍሳቱ ላይ ነስንሱ፤ ለአጥንቷ ይጠቅማል።

ውሃ ከሳህን መጠጣት ብዙም አይሆንላትም። ማታ የዕቃውን ግድግዳ በጣታችሁ ውሃ እርጩት። ጠብታውን ስትልስ ታያላችሁ። በምላሷ ዓይኗንም ስታጸዳ ካያችሁ አትደንግጡ፤ የሚከደን ቆብ ስለሌላት ነው።

«መርዝ አላት ይባላል። ወተት ውስጥ ብትወድቅስ?» (ኮምቦልቻ)

እናቴ፣ መርዝ የላትም። ኩሷ ግን ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ወተቱን ይድፉት፣ ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት። የነካትም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ይሻላል።

«ቁም ሣጥን ጀርባ ሁለት ነጫጭ ትናንሽ እንቁላሎች አገኘሁ።» (ኮምቦልቻ)

የሷ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትጥላለች። አታንቀሳቅሺያቸው፣ በተለይ አትገልብጫቸው። ሙቀት ካገኙ በ2 ወር ገደማ ይፈለፈላሉ።

«ልጄ አብራን ትኑር ብሎ አለቀሰ። ምን ልበለው?» (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ማልቀሱ ደግ ልብ ስላለው ነው፤ አትቆጪው። በእጁ ግን አያንሳት። ቆዳዋ ስስ ነው፣ መያዝም ያስፈራታል። ቁጭ ብሎ ይያት፣ ይመግባት። ከዳነች፣ በራሷ እያደነች ከበላች፣ ግድግዳውንም ሳትንሸራተት ከወጣች ትለቀቅ። አብራችሁ ልቀቋት።

የምትለቀቀውም ከተገኘችበት አካባቢ ነው። የሆጤው ወንድሜ፣ ይህ ላንተም ነው። ያንተዋ የኮምቦልቻ ናት፤ የደሴ ብርድ አይሆናትም። ወደዚያ የሚወርድ ሰው ሲገኝ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ሶፍት አንጥፈህ ላካት። ሲመሽ፣ ድመት በሌለበት፣ መብራት ከሚበራበት ግድግዳ ስር ይልቀቃት።