የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሐኪም ቀጠሮ የተረፉ ሁለት ቀናት በባንኮክ

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ይዤ ወደ ባንኮክ ልሄድ ነው። በምርመራውና በውጤቱ መካከል ሁለት ቀናት ነፃ ስለምንሆን የከተማዋን ታሪካዊ ሥፍራዎች ላሳያት እፈልጋለሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሙቀትም አይስማማትም። የትኞቹን ብናስቀድም ይሻላል?
— ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙ ቦታ ለማዳረስ ከመሮጥ ይልቅ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚገኙትን ሦስት ሥፍራዎች፣ ማለትም ታላቁን ቤተ መንግሥት እንዲሁም ዋት ፖና ዋት አሩን የተባሉትን የቡድሃ ገዳማት ብቻ ተረጋግታችሁ እንድታዩ እንመክራለን። ሦስቱ ተቀራራቢ ከመሆናቸውም በላይ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው፤ ታሪኩን አስቀድመው ለእናትዎ ቢነግሯቸው ጉብኝቱ ይበልጥ ይጣፍጣቸዋል።

ከ400 ዓመታት በላይ የታይላንድ መናገሻ የነበረችው አዩታያ እ.ኤ.አ. በ1767 በበርማ ጦር ተቃጥላ ጠፋች። ንጉሥ ታክሲን የተረፈውን ሕዝብ ሰብስበው ከወንዙ በስተ ምዕራብ በቶንቡሪ መንግሥታቸውን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1782 ደግሞ የጦር አዛዣቸው የነበሩትና ዛሬም ድረስ የዘለቀውን ሥርወ መንግሥት የመሠረቱት ቀዳማዊ ራማ መናገሻውን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ አሻገሩት፤ ከምዕራብ በኩል ለሚመጣ ጠላት ወንዙ ራሱ መከላከያ እንዲሆን በማሰብ ነበር። ከአዩታያ ፍርስራሽ የተለቀመው ጡብ በጀልባ ተጭኖ ለአዲሲቱ ከተማ ግንባታ ውሏል።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ለታላቁ ቤተ መንግሥት ይስጡ። በሩ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:30 ይከፈታል፤ ፀሐዩ ሳይበረታና ሰው ሳይበዛ በዚያው ሰዓት መድረስ ለእናትዎ ትልቅ እፎይታ ነው። ለውጭ አገር ዜጋ የመግቢያው ዋጋ 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። በቅጥሩ ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው በዋት ፕራ ኬው መቅደስ ያለው የመረግድ ቡድሃ የተባለው ሐውልት ሲሆን፣ ስሙ መረግድ ይባል እንጂ የተቀረጸው ከሌላ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ከፍ ባለው መንበር ላይ ሲታይ ትንሽ መስሎ ያስገርማል። በበጋ፣ በዝናብና በቀዝቃዛው ወቅት መግቢያ ላይ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ የወርቅ ልብሱ በንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት ይለወጣል። በመቅደሱ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው። ከዚያ ወጥታችሁ የቻክሪ ማሃ ፕራሳትን አዳራሽ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ግድግዳው እንደ አውሮፓ ቤተ መንግሥት ተሠርቶ ጣሪያው ግን በታይላንድ ባህል ተደራርቦ የሾለ ነው። የተሠራው ጎረቤቶቿ ሁሉ በቅኝ ግዛት ሲያዙ ታይላንድ ነፃነቷን ጠብቃ በቆየችበት ዘመን፣ በንጉሥ ቹላሎንግኮርን ጊዜ ስለሆነ፣ የዓድዋን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከሌላው ጎብኚ በበለጠ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ሕንፃ ይመስለናል።

ስለ አለባበስ እናትዎ የሚቸገሩ አይመስለንም። ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን ግዴታ ነው፤ ሆኖም እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ ነጠላ ጣል ማድረግ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል እጅጌ ያለው ቀሚስ ይልበሱ። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉ ወደ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወለቃል፤ ስለዚህ ጎንበስ ሳይሉ የሚያወልቁት ጫማ ለሚያማቸው ጉልበት ይስማማል። ሲቀመጡ እግርን ወደ ሐውልቱ መዘርጋት ነውር ነው፤ ሴቶችም መነኮሳትን አይነኩም።

ሁለተኛውን ቀን ዋት ፖን በማየት ጀምሩ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ለእናትዎ ከሦስቱ የሚመቸው ይህ ነው። በጎኑ የተጋደመው ባለ ወርቅ ቡድሃ 46 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ከፍታ አለው፤ የውስጥ እግሩም በሚያብለጨልጭ የዛጎል ቅርፊት በተሠሩ 108 ምልክቶች ያጌጠ ነው። ለሕክምና ለመጣ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላ ነገር ይመስለናል፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሣልሳዊ ራማ የአገሩ የሕክምና ዕውቀት እንዳይጠፋና ማንም መጥቶ እንዲያነበው በማለት በድንጋይ ላይ አስቀርጸው በዚህ ገዳም አኑረውታል። ጽሑፎቹ በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ሰፍረዋል። የባህል መታሻ ትምህርትም እዚያው ይሰጣል፤ መታሸት ቢያምራችሁ ግን የእናትዎን ሐኪም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዋት ፖ አጠገብ ካለው የታ ቲያን መሳፈሪያ ትንሽ ጀልባ በጥቂት ባት ወደ ማዶ፣ ወደ ዋት አሩን ታሻግራችኋለች። የመረግዱ ቡድሃ አሁን ወዳለበት ከመዛወሩ በፊት የተቀመጠው እዚህ ነበር። ግንቡ በተሰባበረ የቻይና ሸክላ አበባ አበባ ሆኖ ተለብጧል። ደረጃው እጅግ ቀጥ ያለ ስለሆነ እናትዎ አይውጡት፤ ውበቱ ከታች ሆነውም ሙሉ በሙሉ ይታያል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ባንኮክ በነበርኩ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ አንድ ሰው «ዛሬ በዓል ስለሆነ ዝግ ነው» ብሎኝ በባጃጅ ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ ወሰደኝ። በእርግጥ ዝግ ነበር?
— ከዱባይ

መልስ፦ ዝግ እንዳልነበረ መገመት ይቻላል፤ ይህ በአካባቢው የታወቀ የማታለያ ዘዴ ነው። አታላዮቹ ትሑትና በደንብ የለበሱ በመሆናቸው መታለልዎ አያሳፍርም። ቤተ መንግሥቱ ለመንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት አንዳንድ ክፍሎቹን ቢዘጋም ከዓመቱ ቀናት በአብዛኛው ክፍት ነው። ዳግመኛ ሲሄዱ በመንገድ ላይ የሚነገርዎትን ሁሉ አልፈው እስከ ዋናው በር ይሂዱና የደንብ ልብስ የለበሱትን ጠባቂዎች ይጠይቁ። በትኬቱ ላይ 2500ዎቹን የሚጠቅስ ዓመተ ምሕረት ቢያዩም አይደናገጡ፤ የታይላንድ አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በ543 ዓመት ይቀድማል።