«ኢዝም» ሁሉ «ነት» አይደለም

ጥያቄ፦ ስለ ደቡብ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ኢትዮጵያኒዝም» የሚል ቃል ደጋግሞ ይመጣል። «ኢትዮጵያዊነት» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው ሰዎቹ የእኛ ዜጎች መሰሉኝ። በ«ኢዝም» የሚያልቅ ቃል ሲመጣ «ነት» ብሎ ማለፍ ይቻላል? እግረ መንገድዎን፣ ትክክሉ «ዘረኛነት» ነው ወይስ «ዘረኝነት»?

መልስ፦ ጆሮዎ አልዋሸዎትም፤ «ኢትዮጵያዊነት» እዚያ ቦታ ላይ አይሆንም። ኢትዮጵያዊ መሆንን እንጂ ሌላ ነገር አይነግረንም። ጽሑፉ የሚያወራው ግን ስለ አንድ ንቅናቄ ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ሰባኪ ነጮች ከሚመሩት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ፕሪቶሪያ ውስጥ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አቋቋሙ። አድዋ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ስሙ የተወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው። ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያናቸውን ራሳቸው ይምሩ የሚለው ይህ እንቅስቃሴ ነው «ኢትዮጵያኒዝም» የተባለው። እኔ ብሆን «የኢትዮጵያኒዝም ንቅናቄ» ብዬ እንዳለ እጽፈውና መጀመሪያ በመጣበት ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራራዋለሁ።

ችግሩ የሚመነጨው «ኢዝም»ን ብዙዎቻችን የርዕዮተ ዓለም ማኅተም አድርገን ስለምናየው ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቃሉን ያስተዋወቀን ፖለቲካው ስለሆነ አይፈረድብንም። የቃሉ አገር ግን ግሪክ ነው፤ እዚያም ሥራው በጣም ተራ ነበር። በ«ኢዜይን» የሚያልቅ ግስ ሲኖር «ኢስሞስ» ብሎ የድርጊቱን ስም ማውጣት፣ በቃ። «ባፕቲዜይን» ማጥለቅ፣ ማጥመቅ ነው፤ «ባፕቲስሞስ» ደግሞ መጠመቁ፣ መታጠቡ። እዚህ ውስጥ ምንም ርዕዮተ ዓለም የለም። ቀጥሎ ቅጥያው በሕዝብ ስም ላይ ተንጠለጠለ። በግሪክኛው ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን (ከእኛው መቃብያን ጋር በስም እንጂ በታሪኩ አይገናኝም) «ዩዳይስሞስ» የአይሁድን ሥርዓት ጠብቆ መኖር ነው፤ «ሄሌኒስሞስ» የግሪኮቹን መከተል። ከዚያ ወደ ላቲን፣ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በየደረሰበትም አዲስ ሸክም ተጫነበት፦ ሃይማኖት፣ ፍልስፍና፣ ጥላቻ፣ በሽታ ሳይቀር። «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያወጡት ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ናቸው፤ ሥሩ «አውቶስ» ሲሆን «ራስ» ማለት ነው። «ቱሪዝም»ም ጉዞና መስተንግዶ እንጂ አቋም አይደለም። «ጎብኚነት» ብለው ቢተረጉሙት ሆቴሉም አስጎብኚውም ይቀሩና ጎብኚው ብቻውን ይቆማል።

አማርኛ ታዲያ ለዚህ ሁሉ አንድ መሣሪያ የለውም፤ ባይኖረውም አልጎዳው። ለሃይማኖት ከግዕዝ የመጣው «ና» አለን፦ ክርስትና፣ እስልምና። ምንኩስናና ቅድስናም የዚሁ ወገን ናቸው። «ክርስቲያንነት» የአንድ ሰው ክርስቲያን መሆን ነው፤ «ክርስትና» ሃይማኖቱ። «ልጁን ክርስትና አነሣሁት» ስንል ደግሞ ያው ቃል ሥርዓቱን፣ ድርጊቱን ይጠራል። ግሪኮቹ በአንድ ቅጥያ ጥምቀትንም የሃይማኖት ሥርዓትንም እንደጠሩ ማለት ነው፤ ይህ መገጣጠም ሁሌም ደስ ይለኛል።

ድርጊትና አመለካከት ሲለያዩ መጠንቀቅ የሚገባው ተርጓሚ ብቻ አይደለም። ሕግ አውጪውን ይመልከቱ። የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 652 «የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ» ይባል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1176 ግን ስሙ «የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር» ይላል። እንግሊዝኛው በሁለቱም ላይ ያው «ቴረሪዝም» ነው። «ሽብርተኝነት» ሽብርተኛ ከሚለው ሰው ይነሣል፤ «የሽብር ወንጀል» ከተፈጸመው ነገር። በእኔ ጆሮ ሁለተኛው ለፍርድ ቤት ይሻላል፤ ፍርድ ቤት የሚመረምረው ድርጊትን ነውና።

«ነት» ተሞክሮ ሳይሳካ የቀረበትም ጊዜ አለ። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የአገሪቱን መንገድ ሲያውጅ ያመጣው ቃል «ኅብረተሰብአዊነት» ነበር። ኅብረተሰብ፣ ከዚያ «አዊ»፣ ከዚያ «ነት»፤ ሰዋስዋዊ ጉድለት የለበትም። ለመፈክር ግን ረዘመ። ተማሪው ቀድሞውንም «ሶሻሊዝም» ማለት ለምዷል፤ የመኢሶን (መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) «ሶ» እንኳ «ሶሻሊስት» ናት። «ሶሻሊዝም» አሸነፈ። እንዲህ ያለ ቃል ከገባ በኋላ «ነት» መጨመር ግን አያስፈልገውም። «ፌደራሊዝምነት» የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ካፖርት ላይ ካፖርት ነው። ወይ «ፌደራሊዝም»፣ ወይ «ፌደራላዊነት» ይበሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። «ዘረኝነት» ይጻፉ። አማርኛ በ«አ» ድምፅ በሚያልቅ ስም ላይ «ነት» ሲጨምር ብዙ ጊዜ ያቺን አናባቢ ይጥላታል። ጀግና ብለን ጀግንነት፣ ሌባ ብለን ሌብነት፣ ጌታ ብለን ጌትነት እንላለን፤ «ሌባነት» ብሎ የሚናገር ሰው ብዙም አልገጠመኝም። ዳኛ ዳኝነት፣ ጓደኛ ጓደኝነት እንደሚለው ሁሉ ዘረኛም ዘረኝነት፣ ብሔርተኛም ብሔርተኝነት ነው። ኛ ወደ ኝ የምትወርደው በዚህ ምክንያት ነው። አጥብቃ የምትከራከረኝ የቁጥሯ «ኛ» ብቻ ናት፦ የስፖርት ጋዜጠኞች ግማሹ «በአንደኛነት አጠናቀቀ»፣ ግማሹ «በአንደኝነት» ይላሉ። ሁለቱንም ሳላርም አልፋለሁ።