ቁጥሩን ማን መዘነው? ለወጣት የጭነት ኃላፊዎች

ውድ ወጣቶች፣

በመርከብ ላይ ቺፍ ኦፊሰር (የካፒቴኑ ምክትል)፣ በወደብ ላይ ደግሞ የጭነት ተቆጣጣሪ ለመሆን የምትዘጋጁ ሁሉ ቀመሩን ከመምህሮቻችሁ ተምራችኋል። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ቀመሩ ውስጥ ስለሚገባው ቁጥር ነው። ማን መዘነው? መቼ ተለካ? ከተለካ ወዲህ ምን ተለወጠ? በዚህ ሙያ ሒሳብ ባለማወቅ የሚደርስ ጥፋት ጥቂት ነው። ብዙው የሚደርሰው ትክክለኛ ሒሳብ ማንም ባላረጋገጠው ቁጥር ላይ ሲሠራ ነው።

ከኮንቴይነር ልጀምር። ኤምኤስሲ ናፖሊ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 በእንግሊዝ ቻናል ማዕበል ውስጥ ቀፎዋ ተሰብሮ ነበር። በኋላ ደርቧ (የላይኛው ወለሏ) ላይ ውሃ ሳይነካቸው የቀሩ 660 ገደማ ኮንቴይነሮች ሲመዘኑ፣ 137ቱ ከተመዘገበላቸው ክብደት ከ3 ቶን በላይ ተለያይተው ተገኙ። የአንዱ ልዩነት 20 ቶን ደርሶ ነበር። ለመሰበሯ ዋናው ምክንያት የቀፎው ጥንካሬ ማነስ ቢሆንም፣ ክብደቱ በትክክል አለመታወቁ የነበረውን ጥቂት መተማመኛ እንደሸረሸረው ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሶላስ በተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ሕይወት ደህንነት ስምምነት መሠረት የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደት ያልቀረበለት ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። ላኪው ወይ የታሸገውን ኮንቴይነር እንዳለ ያስመዝናል፣ ወይም ዕቃውን፣ ማሸጊያውንና መደገፊያ እንጨቱን ለየብቻ መዝኖ የባዶ ኮንቴይነሩን ክብደት ይደምርበታል።

ሕግ መውጣቱ ግን ስህተቱን አላጠፋውም። በጣም የተለመደው ስህተት የዕቃውን ክብደት ብቻ ጽፎ የባዶ ኮንቴይነሩን መርሳት ነው። ባዶ ባለ 20 ጫማ 2.2 ቶን ገደማ፣ ባለ 40 ጫማ ደግሞ ከ3.7 ቶን በላይ ይመዝናል። ይህ የተረሳባቸው አሥር ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነሮች ካሉ 37 ቶን በድብቅ ተሳፍሯል ማለት ነው። ዝርዝሩን ስታነቡ በአንድ ላኪ ስም የተመዘገቡ ሃያ ኮንቴይነሮች ሁሉም እኩል 24,000 ኪሎ ከሆኑ ጠርጥሩ፤ እውነተኛ ሚዛን እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር አይደጋግምም። የወደቡ ክሬን የክብደት መለኪያ ካለው ከኦፕሬተሩ ጋር ተነጋግራችሁ ንባቡን ከሰነዱ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከበዛ ኮንቴይነሩ ወርዶ ይመዘን። የመርሐ ግብር ኃላፊው ይቆጣል፤ ይቆጣ።

የኮንቴይነር ቦታ የሚነገረው በስድስት አሃዝ ነው። 140584 የሚለውን እንውሰድ። 14 ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) ቁጥር ስለሆነ ባለ 40 ጫማ ነው፤ የ13ንና የ15ን ቦታ አንድ ላይ ይይዛል። 05 ከመካከል ወደ ቀኝ ሦስተኛው ረድፍ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥሮች በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥሮች በግራ ናቸው። 84 ደግሞ ደርብ ላይ ሁለተኛው ድርብርብ ነው። ይህን በቃላችሁ ካልያዛችሁ፣ ሌሊት በሬዲዮ የሚነገራችሁን ለውጥ በወረቀት ስትፈልጉ ክሬኑ ሦስት ኮንቴይነር አስቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ የሚለውን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያስተውሉት ከልክ በላይ መረጋጋትም አደጋ መሆኑን ነው። ጂኤም የምንለው፣ ማለትም በመርከቡ የስበት ማዕከልና በሜታሴንተሩ (መርከቡ ጥቂት ሲዘነብል ውሃው ወደ ላይ የሚገፋበት መስመር የመርከቡን መካከለኛ መስመር በሚቆርጥበት ነጥብ) መካከል ያለው ቁመት፣ ለጭነት መርከብ በጥቅሉ ከ0.15 ሜትር ማነስ የለበትም። ሲያንስ መርከቡ ዘንበል ብሎ ለመመለስ ይዘገያል። ሲበዛ ግን በድንገትና በኃይል ይመለሳል፤ ያ ንጥቂያ ከላይ ባለው ኮንቴይነር ላይ ከፍተኛ ጉልበት ፈጥሮ ማሰሪያዎችን ይበጥሳል። የማሰሪያው ሒሳብ የተሠራው ለተወሰነ ጂኤም ስለሆነ፣ በመነሻ ጊዜ ያላችሁ ጂኤም ከዚያ ከበለጠ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ። በከፊል የተሞሉ ታንኮችንም አትርሱ። ውስጣቸው የሚንሸራተተው ውሃ መረጋጋትን የሚቀንሰው በታንኩ ስፋት ሦስተኛ ርቢ ልክ ነው። ስለዚህ የባላስት ታንክ፣ ማለትም መርከቡን ለማመጣጠን ውሃ የሚያዝበት ታንክ፣ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ይሁን፤ ውሃ የሚዛወር ከሆነም አንድ በአንድ።

ኮንቴይነሮችን በማዕዘናቸው እርስ በርስና ከደርቡ ጋር በሚያያይዘው ቁልፍ፣ በትዊስትሎክ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወደ ግራ የሚቆለፉና ወደ ቀኝ የሚቆለፉ ትዊስትሎኮች በአንድ መርከብ ላይ ከተደባለቁ፣ እጀታውን አይቶ የተቆለፈውን ካልተቆለፈው መለየት አይቻልም። የተደባለቀ ሳጥን ካገኛችሁ አንዱን ዓይነት ሰብስባችሁ ከመርከቡ አስወጡ።

አሁን ወደ ብትን ጭነት፣ ማለትም ሳይታሸግ ሆድ ውስጥ ወደሚፈስ ጭነት ልለፍ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። የብትን ጭነት ኮድ ጭነቶችን በሦስት ይከፍላል። በምድብ ኤ ያሉት ፈሳሽ የመሆን ጠባይ ሊያሳዩ የሚችሉ፣ በምድብ ቢ ያሉት ኬሚካላዊ አደጋ ያላቸው፣ በምድብ ሲ ያሉት ደግሞ ሁለቱም የሌለባቸው ናቸው። አንድ ጭነት በሁለቱም፣ በኤ እና በቢ፣ ሊመደብ ይችላል። ሰው የሚያታልለው ኤ ነው፤ ሲጫን ደረቅ አፈር ይመስላልና። የኒኬል ማዕድን፣ ደቃቅ የብረት ማዕድንና የተጣራ ማዕድን በቅንጣቶቻቸው መካከል ውሃ ይይዛሉ። የሞተሩ ንዝረትና የማዕበሉ ንውጥውጥ ቅንጣቶቹን ያጠጋጋቸዋል፤ መውጫ ያጣው ውሃ ግፊቱ ይጨምርና ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን ይተዋሉ። ክምሩ ወደ አንድ ጎን ይፈሳል፤ መርከቡ ወደ ሌላው ጎን ሲዘነብል ግን ሁሉም አይመለስም። ባልክ ጁፒተር የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ባውክሳይት (የአሉሚኒየም ማዕድን) ጭና ከቬትናም ወጣ ብሎ ባለው ባሕር ስትሰጥም፣ ከ19 መርከበኞች የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

ለምድብ ኤ ጭነት ላኪው ሁለት ቁጥሮች ማቅረብ አለበት፦ የጭነቱን ትክክለኛ እርጥበትና ለማጓጓዝ የሚፈቀደውን የእርጥበት ጣሪያ። ጣሪያው በተለመደው ምርመራ ጭነቱ መፍሰስ ከሚጀምርበት እርጥበት 90 በመቶ ነው። የእርጥበቱ ናሙና በተወሰደበትና ጭነት በሚጀመርበት ቀን መካከል ከ7 ቀን በላይ ማለፍ የለበትም። በመካከሉ የሚያረጥብ ዝናብ ከጣለ እንደገና ይመርመር። ሰነዱን ስትቀበሉ መጀመሪያ የምታዩት ቀኑን ነው፤ ቀጥሎ የዝናቡን መዝገብ፣ ቀጥሎ ክምሩ ሸራ ለብሶ እንደሆነ። ናሙናው ከክምሩ ደረቅ አናት ብቻ ተወስዶ ከሆነ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

በመርከብ ላይ እናንተ ልትሠሩት የምትችሉት የቆርቆሮ ሙከራ አለ። ከግማሽ እስከ 1 ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ በጭነቱ እስከ ግማሽ ሙሉ። ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ ጠንካራ ነገር ላይ 25 ጊዜ፣ በየአንድ ወይም ሁለት ሴኮንዱ ምቱት። ከዚያ ላዩን እዩ። ውሃ ከወጣ ወይም ፈሳሽ ከመሰለ መጫኑን አቁማችሁ የላቦራቶሪ ምርመራ ጠይቁ። ምንም ካልታየ ግን ጭነቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህ ሙከራ እምቢ ለማለት ያግዛል፤ እሺ ለማለት አይበቃም። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያስተውልም።

መጫን ሲጀመር ፍጥነቱ ያስደነግጣል፤ በትልልቅ የማዕድን ወደቦች በሰዓት ብዙ ሺህ ቶን ይፈሳል። የባላስት ፓምፓችሁ ያንን ካልተከተለ ቀፎው ላይ የመታጠፍና የመቆረጥ ኃይል ይከማቻል። ስለዚህ ከወደቡ ጋር የምትፈራረሙት የጭነት ቅደም ተከተል በየዙሩ የትኛው ሆልድ (የመርከቡ የጭነት ክፍል) ስንት ቶን እንደሚቀበልና በዚያው ዙር የትኛው የባላስት ታንክ እንደሚለቀቅ የሚገልጽ መሆን አለበት። ባላስቱ ወደኋላ ከቀረ መጫኑ ይቁም። ማን እንደሚያስቆም፣ በየትኛው የሬዲዮ መስመር እንደሚያስቆም፣ ከትእዛዙ በኋላም በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ ስንት ቶን እንደሚቀር ከመጀመሪያው ቶን በፊት ጠይቁ። የቀበቶው ቅሪት ተረስቶ ከድራፍት ጣሪያ፣ ማለትም መርከቡ ውሃ ውስጥ እንዲገባ ከሚፈቀደው ጥልቀት ያለፉ መርከቦች አሉ።

ስለ ድራፍት ካነሳን፣ ስድስቱንም ምልክቶች አንብቡ፤ ፊት፣ መካከልና ኋላ፣ በሁለቱም ጎን። የመካከሉ ንባብ ቀፎው መጎበጡን ይነግራችኋል። የውሃውን እፍግታ በሃይድሮሜትር ስትለኩ ናሙናውን ከላይ አትቅዱ፤ በወንዝ አፍ ባለ ወደብ ጨው አልባው ውሃ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ባልዲው መርከቡ በሰጠመበት ጥልቀት መካከል ይድረስ። 50,000 ቶን ውሃ በሚገፋ መርከብ ላይ የ0.005 የእፍግታ ስህተት 244 ቶን ገደማ ጭነት ያስጠፋል ወይም ይፈጥራል። ለዚህ ልዩነት የሚጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ከባድ ማሽንና ብረት በምታስሩበት ጊዜ መነሻ የሚሆናችሁ ቀላል ደንብ አለ። በእያንዳንዱ ጎን ያሉ ማሰሪያዎች የሚፈቀድ ጭነት ድምር ቢያንስ ከዕቃው ክብደት ጋር እኩል ይሁን። የሚፈቀደው ጭነት ግን መበጠሻው አይደለም። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚውል የብረት ገመድ ከመበጠሻው 80 በመቶ፣ ደጋግሞ የሚውል 30 በመቶ፣ ሻክል (የብረት ማያያዣ ቀለበት) እና ማጥበቂያ 50 በመቶ ይታሰብላቸዋል። 16 ቶን ላይ የሚበጠስ አዲስ ገመድ 12.8 ቶን ይያዝለታል። መበጠሻው 20 ቶን ከሆነ ማጥበቂያ ጋር ሲያያዝ ግን ማሰሪያው በሙሉ 10 ቶን ነው፤ ለ40 ቶን ማሽን በየጎኑ አራት ያስፈልጋሉ። ከደርቡ ጋር ከ60 ዲግሪ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ማሰሪያ ከመገልበጥ ቢያድንም ለመንሸራተት አይቆጠርም። ብረትን በብረት ላይ አታስቀምጡ። ደረቅ ሆኖ የሰበቃው መጠን 0.1 ብቻ ነው፤ ከረጠበ ዜሮ ብላችሁ አስሉ። እንጨት ከሥሩ ሲነጠፍ 0.3 ይሆናል። ገመዱን በገመድ መቆንጠጫ ስታያይዙ የዩ ቅርጽ ያለው ብሎን በአጭሩ፣ ጭነት በማይሸከመው ጫፍ ላይ ይረፍ። ተገልብጦ ከታሰረ የሚሸከመውን ገመድ ራሱን ይጨፈልቀዋል።

በማንሳት ጊዜ የሁለቱ ገመዶች ማዕዘን ሁሉን ይወስናል። 10 ቶን ዕቃ በሁለት እግር ሲነሳ፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ 5.8 ቶን ይሸከማል፤ 90 ሲሆን 7.1፤ 120 ሲሆን ሙሉ 10 ቶን። ከ120 አትለፉ። የማንሻ መሣሪያው በየ5 ዓመቱ በጭነት ተፈትኖ፣ ቢያንስ በየ12 ወሩ በብቁ ሰው ተመርምሮ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ሻክሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና መዝገቡ ላይ ያለው ካልገጠሙ መሣሪያው ወደ ጎን ይቀመጥ።

አደገኛ ዕቃዎች በዘጠኝ ክፍል የተመደቡ ናቸው፤ የትኛው ከየትኛው ተለይቶ እንደሚቀመጥ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በአደገኛ ዕቃዎች ኮድ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምጨነቀው ሰነዱ ላይ ስለሌለው ነው። ከሰል ወይም ካልሲየም ሃይፖክሎራይት (የማንጫ ኬሚካል) በሌላ ስም ተመዝግቦ ከመርከቡ የሙቀት ምንጭ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። የማይገጥም ምልክት፣ የተላጠ ተለጣፊ ወይም ከበሩ የሚወጣ ሽታ ካያችሁ ኮንቴይነሩ አይሳፈር። በወደብም አደገኛ ዕቃ ለጊዜው ተብሎ መጋዘን ሲገባ የሚወጣበት ቀን አብሮ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ የፈነዳው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆየ ነበር።

የሆልድ ክዳን ውሃ ማስገባቱን ለመፈተሽ 12 ሚሊሜትር አፍ ባለው ቱቦ፣ በ2 ባር ግፊት፣ ከ1.5 ሜትር ባልበለጠ ርቀት መጋጠሚያውን እርጩ፤ አንድ ሰው ከውስጥ ይመልከት። አየር ስለ መስጠት ደግሞ፣ የውጭው ሙቀት ጭነቱ ሲጫን ከነበረው ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ክፈቱ፤ ካልሆነ ዝጉ። ሞቃት እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ብረት ላይ ላብ ይሆናል።

ሆልድ ውስጥ ስለ መግባት የምለውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የድንጋይ ከሰል፣ ግንድ፣ የእንጨት እንክብልና የብረት ፍቅፋቂ የሆልዱን ኦክስጅን ይበላሉ። በደህና አየር 20.9 በመቶ የሆነው ኦክስጅን እዚያ ውስጥ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ወደሚወድቅበት ደረጃ ይወርዳል፤ ሽታም ማስጠንቀቂያም የለውም። የመውረጃ መሰላሉ ያለበት ዝግ ክፍልና ከሆልዱ ጋር የሚገናኝ መጋዘንም እንደ ሆልዱ ይቆጠራሉ። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ለኩ፤ ሰው ውስጥ እስካለ ድረስ መለካታችሁን ቀጥሉ። አንድ ሰው ወድቆ ብታዩ የመተንፈሻ መሣሪያ ሳታጠልቁ አትውረዱ። በእንዲህ ያለ አደጋ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡ ናቸው። የወደብ ሠራተኞች የመርከቡን ጠባይ ስለማያውቁ በሩን የምትቆልፉትና ምልክቱን የምትሰቅሉት እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻ ስለ ደረሰኝ። ቺፍ ኦፊሰሩ ጭነቱን ሲቀበል በሚፈርመው የሜት ደረሰኝ ላይ ያያችሁትን ጻፉ፤ የዛገ ብረት፣ የተቀደደ ከረጢት፣ ከጭነት ቆጣሪው ሠራተኛ ጋር ያልተስማማችሁበት ቁጥር ሁሉ ይስፈር። ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ማለትም ዋናው የጭነት ሰነድ፣ የሚዘጋጀው ከዚያ ነው። ላኪው ንጹሕ (ጉድለት ያልተጻፈበት) ሰነድ ስጡኝ፣ በምትኩ ለሚመጣው ኪሳራ ዋስትና እጽፋለሁ ቢላችሁ፣ ውሳኔው የእናንተ አይደለምና ለካፒቴኑና ለባለቤቱ አስተላልፉ። ጉድለት እየታወቀ ንጹሕ ሰነድ ለማስገኘት የተጻፈን እንዲህ ያለ ዋስትና ብዙ ፍርድ ቤቶች እንደ ማጭበርበር ስለሚያዩት፣ ባለቤቱ በችግር ጊዜ የሚያስከፍልበት ወረቀት ላይሆን ይችላል።