መልስ፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሚኒባስ ከኋላ ገጭቶኛል፣ እዚያው ልስማማ ወይስ ትራፊክ ልጥራ?

ወንድሜ፣ ሰው ካልተጎዳ ፍሬቻህን አብራና ትሪያንግሉን በደንብ ራቅ አድርገህ አቁም፤ እዚያ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ቶሎ አይቆምም። መኪናውን ሳታንቀሳቅስ ፎቶ አንሳ፦ ሁለቱንም ሰሌዳ፣ የጎማ ምልክቱን፣ የመብራት ስብርባሪውን፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ያለውን ርቀት። የተጋጨውን ቦታ ብቻ አቅርቦ ማንሳት ዋጋ የለውም፤ ማን በየት መስመር እንደነበር አያሳይም።

ከሁሉ በላይ የሚኒባሱን የሶስተኛ ወገን ስቲከር (በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፍለውን ኢንሹራንስ ምልክት) መስታወቱ ላይ አንብብ። ጊዜው ካላለፈ ያንተን ጉዳት የሚከፍለው የእሱ ኢንሹራንስ ነው፤ ያንተ ሶስተኛ ወገን ላንተ መኪና አይከፍልም። ኢንሹራንሱ ደግሞ የፖሊስ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ስለዚህ 991 ደውልና ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ይነሳ። ቦታው ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ ከሆነ ጉዳዩን የሚይዘው የኦሮሚያ ትራፊክ ነው፤ ስትደውል ቦታውን በትክክል ተናገር።

የሚኒባሱ ሹፌር «ጭረት ናት፣ ሁለት ሺህ ውሰድ» ቢልህ መጀመሪያ የኋላውን በር ከፍተህ ዝጋው። ክፍተቱ በአንድ ጎን ከሰፋ ቦዲው ገብቷል፣ ያ በሁለት ሺህ አይሠራም። የኢንሹራንሱ ገማች ሳያየው ጋራዥ አታስነካው።

ሰው ከተጎዳ ግን ስምምነት የሚባል ነገር የለም፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት።