አባ ሰንጋን መከላከል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሬው በድንገት ሞተ፤ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። ቆዳውን ብቻ ብንገፈውስ?

መልስ፦ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና እባካችሁ አትንኩት። በድኑ ሳይከፈት ከቆየ መበስበሱ ራሱ ውስጡ ያለውን አብዛኛውን ባክቴሪያ ይገድለዋል። ሲከፈት ግን ባክቴሪያው አየር አግኝቶ ወደ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ያንቀላፋ መልኩ) ይለወጣል፤ ስፖር ደግሞ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ ናሙና የሚወስደው እሱ ነው። ማቃጠል ይመረጣል፤ ካልተቻለ ከውሃ ርቆ ቢያንስ 2 ሜትር ጥልቀት መቅበር። ጉድጓዱ ላይ ኖራ አትጨምሩ፤ ካልሲየሙ ስፖሩን ሊያቆየው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሥጋውን አብዝተን ብንቀቅለው?

መልስ፦ አይበላም። ተራ ቅቅል ስፖርን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም፤ ማድረቅና ጨው መነስነስም እንደዚሁ። አራጁና ቆራጩ ደግሞ ድስቱ ሳይጣድ ተጋልጠዋል።

ጥያቄ፦ በባዶ እጄ ነክቼዋለሁ።

መልስ፦ አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ በደንብ ይታጠቡ። የእጅ አልኮል ስፖርን አይገድልም። ልብስዎን አውልቀው ፌስታል ውስጥ ከተው ይቋጥሩት፤ አያራግፉት። ጤና ጣቢያ ሄደው መጋለጥዎን ይንገሩ። በቆዳ ላይ የሚወጣው የአባ ሰንጋ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይታያል፦ የሚያሳክክ እብጠት፣ ከዚያ ውሃ የቋጠረ፣ በመጨረሻ መሐሉ ጥቁር ቅርፊት። ቅርፊቱ ስለማያም ብዙ ሰው ይዘናጋል። አያፍርጡት፤ አይብጡት።

ጥያቄ፦ ስፖር ያለበትን አቧራ ለተነፈሰ ሰው ለምን 60 ቀን መድኃኒት?

መልስ፦ አንቲባዮቲክ የሚገድለው የነቃውን ባክቴሪያ ነው። ሳንባ ውስጥ ያንቀላፋው ስፖር ከሳምንታት በኋላ ሊነቃ ይችላል፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለአዋቂ ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ይታዘዛል። ከጨጓራ አሲድ ማርከሻና ከብረት እንክብል፣ ሲፕሮ ከሆነም ከወተት ጋር አይዋጥ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ክትባት ባለበት ወዲያው፣ ከ2 እና ከ4 ሳምንት በኋላ ይወጋል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሐኪም ይወስን።

ጥያቄ፦ ከታማሚ ይተላለፋል?

መልስ፦ በትንፋሽ አይተላለፍም። ቁስሉን ሸፍኑ፤ ስታጸዱ ጓንት አድርጉ።

ጥያቄ፦ ሥራቸው ሁልጊዜ የሚያጋልጣቸውስ?

መልስ፦ ለላቦራቶሪ ሠራተኞችና መሰሎቻቸው የሰው ክትባት አለ፦ በመጀመሪያው ቀን፣ በ1ኛውና በ6ኛው ወር፣ ከዚያም ማጠናከሪያ። ለአርቢ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ከብቶቹን በየዓመቱ ማስከተብ ነው። የከብቱ ክትባት ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ በዚያ ሰሞን አንቲባዮቲክ ከተሰጠ ይከሽፋል።