የላምፕሬይ ጥርስ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ጅግራና ላምፕሬይ በምን ይመሳሰላሉ?» ላምፕሬይ እባብ የሚመስል ዓሣ ነው። የዛሬ ልጅ ሽማግሌ ትዝ የሚለው ስልኩ ሲያቅተው ነው።

እኔ ደግሞ ሌላ ልጅ ትዝ አለኝ። 1988 ዓ.ም. ነው፤ እዚሁ ሐዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህንኑ ጥያቄ ለፈተና አወጣሁ። የጠበቅኩት መልስ «ሁለቱም የራስ ቅል አላቸው» የሚል ነበር። አንዱ ልጅ «ሁለቱም ጥርስ የላቸውም» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት።

እሱም አልበቃኝም። መልሱን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የላምፕሬይን ሥዕል ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ ክብ አፍ፣ ዙሪያውን ሹል በሹል። ክፍሉ አውካካ። ልጁ ተነሳ።

«ቲቸር፣ መንጋጋ የለውም ብለውናል። መንጋጋ ከሌለው ጥርሱ ምን ላይ ይበቅላል?»

«ቁጭ በል!» አልኩት። ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም።

ከዓመታት በኋላ ሳነብ ደነገጥኩ። የላምፕሬይ ሹል ነገር እንደኛ ያለ እውነተኛ ጥርስ አይደለም። ኬራቲን ነው፤ ጥፍራችን የተሠራበት። የጅግራ ምንቃርም የተሸፈነው በኬራቲን ነው። አንዷ መሬት ስትጭር ውላ ማታ ዛፍ ላይ ታድራለች። ሌላው ዓሣ ላይ ተለጥፎ ደም ይመጥጣል፤ ዘሩ ከ360 ሚሊዮን ዓመት በፊትም ነበረ። ልጁ ግን አፋቸው ላይ አገናኝቷቸዋል። ያውም አስቦ እንጂ አንብቦ አይደለም።

«አጥኑ» አልላችሁም፤ ሰልችቷችኋል። ኤክስ ሲደረግባችሁ ግን ምክንያታችሁን ይዛችሁ ቁሙ። ሁለቴም ቢሆን ጠይቁ። ስልካችሁን ደግሞ አስቀምጡት፤ ማሰብ አስረስቷችኋል። ለነገሩ ያኔ ስልክ ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ እዚያው አሳይቶ ያሳፍረኝ ነበር። ይሻለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ አገኘሁት። ቆሮሶ እየገፈፈ ነው። «ቲቸር!» ብሎ ብድግ አለ። እጁ ቅርፊት በቅርፊት ስለነበር ክንዱን ዘረጋልኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ሆድቃ እየጠበቁ ዙሪያችንን ቆመዋል።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ከእርስዎማ አልቀበልም» አለና ዓሣውን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ።